ማራካሽ ለሁለት ሌሊት፦ ላ ማሙኒያ ወይስ ሪያድ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። 10ኛ ዓመት ጋብቻችንን ሞሮኮ፣ ማራካሽ ላይ ማክበር እንፈልጋለን። ዓርብ ማታ ገብተን እሁድ ማታ እንመለሳለን። ሠርጋችን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ፈቃድ ያገኘነው ግን ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓርብ ነው፣ እሷ ደግሞ ትጾማለች። ከበረራው ውጭ 1,500 ዩሮ መድበናል። የእኔ ልብ ያለው ላ ማሙኒያ በሚባለው ትልቅ ሆቴል ላይ ነው፤ አንድ ጓደኛዬ ግን “ሪያድ (በአሮጌው ከተማ ያለ ባለ ግቢ የእንግዳ ቤት) ያዙ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ” ይለኛል። እኔ የጀርመን ፓስፖርት አለኝ፤ እሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያላት። ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ! መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከኋላ ላምጣ። በያዛችሁት ገንዘብ፣ በመረጣችሁት ወቅት፣ በዚያ ላይ በጾም፣ የጓደኛዎ ምክር ትክክል ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ደህና ሪያድ ፈልጋችሁ ምርጡን ክፍል ያዙ፤ ላ ማሙኒያን ቅዳሜ ለምሳ ሄዳችሁ እዩት። ወሩ ሚያዝያ ቢሆንና ገንዘቡ ወደ 2,500 ዩሮ ቢጠጋ ኖሮ ግን ከጓደኛዎ ጋር አልስማማም ነበር።

ሰው “ሁለት ሌሊት” ብሎ ሲከፍል ሁለት ቀን የገዛ ይመስለዋል። እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። (ሰዓቱን ሆቴሎቹ እንደሚጽፉት ነው የምጽፈው።) ከፍራንክፈርት ቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዓርብ ማታ ስትደርሱ መሽቷል፤ የፓስፖርት ሰልፉ፣ ሻንጣው፣ መንገዱ ሲደመር ክፍላችሁ የምትገቡት ለእራትና ለመኝታ ነው። እሁድ ደግሞ አብዛኞቹ ሆቴሎች 12:00 ላይ ክፍል ያስለቅቃሉ፤ ከቁርስ ቀጥሎ ሻንጣ መሸከፍ ይመጣል። የቀረችው ቅዳሜ ናት። የሁለቱ ሌሊት ክፍያ በሙሉ የሚገዛላችሁ ያቺን አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜን የት እንደምትውሉ ሳትወስኑ ሆቴል መምረጥ አትጀምሩ።

ወደ ላ ማሙኒያ ልምጣ። ሆቴሉ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1923 ነው፤ ቦታው ግን ከዚያ ብዙ ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን መሐመድ ቢን አብደላ ለልጁ ለሙላይ ማሙን በሠርጉ የሰጠው የአትክልት ስፍራ ነበር። ወደ 8 ሄክታር የሚሰፋው ያ አትክልት ዛሬም የሆቴሉ ዋና ሀብት ነው። ያረጁ ወይራዎች በረድፍ የቆሙበት ረጅም መንገድ አለ፤ ብርቱካኑ፣ ሎሚው፣ ዘንባባው፣ ቁልቋሉ ሁሉ በየፈርጁ ተተክሏል፤ ከአጥሩ ማዶ የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ 77 ሜትር ሽቅብ ይታያል። ከግቢው ወጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ የሞተር ብስክሌቱ ጩኸት፣ የአህያ ጋሪው፣ “ግቡ፣ እዩ፣ ማየት በነጻ ነው” የሚለው ነጋዴ ይቀበሏችኋል። ውስጥ ግን የወፍ ድምፅ ነው የሚሰማው። ሰው እዚያ የሚከፍለው ለዚህ ጸጥታ ነው፣ ያዋጣልም።

እዚህ ላይ የሆቴል ሻጮች የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንዲህ ባለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ርካሹን ክፍል የያዘውም ስዊት የያዘውም የሚንሸራሸሩት በአንድ አትክልት ነው፣ የሚዋኙትም በአንድ ገንዳ ነው። ስለዚህ በትልቅ ሆቴል ርካሹን ክፍል ያዙ። ሪያድ ሲሆን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ቅንጦቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ምርጡን ያዙ። ብዙ ሰው ግን በትልቁ ሆቴል “ለአንድ ጊዜ ነው” ብሎ የማያስፈልገውን ስዊት ይከራያል፣ ሪያድ ሲሄድ ደግሞ ቆጥቤያለሁ ብሎ ከምድር ቤት ጨለማ ክፍል ይገባል።

ያለ ስዊትም ቢሆን ላ ማሙኒያ በደህናው ወቅት ለአንድ ሌሊት ከ500 ዩሮ በላይ ይጠይቃል። የእናንተ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው የማራካሽ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በቅርብ ዓመታት የሚውለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ ነው፤ ልክ ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ማለት ነው። ያን ጊዜ የከተማዋ ትልልቅ ሆቴሎች በተዋናይ፣ በዳይሬክተርና በጋዜጠኛ ይሞላሉ፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። የዘንድሮው ፌስቲቫል ከእናንተ ዓርብ ጋር መግጠም አለመግጠሙን ሳታረጋግጡ ቦታ አታስይዙ። ከገጠመ ሪያዶቹም ቀድመው ያልቃሉ።

ስለ ሮያል ማንሱር ሆቴልም ሰምታችሁ ይሆናል። በንጉሥ መሐመድ 6ኛ ፍላጎት ተሠርቶ በ2010 የተከፈተ ነው። እንግዳ የሚያድረው በተለመደው የሆቴል ክፍል ሳይሆን ለየራሳቸው ቆመው በተሠሩ 53 ሪያዶች ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹም ከዓይን ርቀው ከመሬት በታች በተቆፈረ መተላለፊያ ይመላለሳሉ። ዋጋው ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዩሮ በላይ ስለሆነ ከእናንተ ሒሳብ ውጭ ነው።

በነገራችን ላይ አስጎብኚ ካገኛችሁ ቸርችልን ማንሳቱ አይቀርም። እንግሊዛዊው ጠቅላይ ሚኒስትር ላ ማሙኒያን ይወድ እንደነበር፣ እየተመላለሰም ያርፍበትና ሥዕል ይስልበት እንደነበር እውነት ነው፤ ቡና ቤቱ እንኳ በስሙ ነው የሚጠራው። ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሩዝቬልት የሰጠውን ዝነኛውን የኩቱቢያ ሥዕል “እዚህ ሰገነት ላይ ነው የሳለው” ካሏችሁ ግን ፈገግ ብላችሁ እለፉ። በጃንዋሪ 1943 ከካዛብላንካው ጉባኤ በኋላ ሁለቱ መሪዎች ያረፉት ቪላ ቴይለር በሚባል ቤት ነው፤ ሥዕሉም የተሳለው እዚያው ነው። በ2021 ለንደን ላይ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል።

አሁን ሪያድ። ወደ ጎዳናው መስኮት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከውጭ የሚታየው ሮዝማ የጭቃ ግድግዳና አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት አንድ ጠማማ መተላለፊያ ያልፉና ሰማይ ወደሚታይበት ግቢ ይወጣሉ፤ መሃሉ ላይ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን የብርቱካን ዛፍ፣ ክፍሎቹ በሙሉ ወደ ውስጥ የዞሩ። ብዙዎቹ ከአምስት እስከ አሥር ክፍል ብቻ ስላላቸው ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን ስማችሁን ያውቃል።

ደህናው ከይስሙላው የሚለየው በግድግዳው ነው። የማራካሽ ባለሙያዎች ታደላክት የሚሉት የኖራ ልስን አለ። ኖራው ተለስኖ ገና ሳይደርቅ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያ ከወይራ በተሠራ ጥቁር ሳሙና ይቀባና እንደገና ይታሻል። ሳሙናው ከኖራው ጋር ሲዋሃድ ግድግዳው ውኃ የማያስገባ ይሆናል፣ ለዚህ ነው ለሐማም (ለእንፋሎት መታጠቢያ) እና ለመታጠቢያ ቤት የሚጠቀሙበት። እጃችሁን ብታሳርፉበት ለስላሳ ሆኖ በጣም ስስ የሆነ ወጣ ገባ ይሰማችኋል፤ መገጣጠሚያ መስመር የለውም፣ ብርሃን ሲያርፍበትም በየቦታው እኩል አያበራም። በሲሚንቶና በቀለም የተመሰለው ግን ዝርግ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይም ይላጣል። ሪያዱ በላከላችሁ ፎቶ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ አጉልታችሁ እዩ። እዚያ ያልቆጠበ ባለቤት በፍራሹም አይቆጥብም። ዘሊጅ የሚባለው ባለቀለም የሸክላ ንጣፍም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ በመዶሻ ተጠርባ፣ ለግድግዳ ሲሆን ፊቷ ወደ ታች ተደፍቶ ነው የምትደረደረው። ሠራተኛው ሥራውን የሚያየው ከጀርባው ጂብሰም ፈስሶ ከደረቀና ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ክፍል ስትመርጡ ላይኛውን ፎቅ ጠይቁ። የምድር ቤቶቹ በራቸው የሚከፈተው ግቢው ላይ ስለሆነ ብርሃን ያንሳቸዋል፤ ቁርስ የሚበላውም ሆነ ማታ ዘግይቶ የሚገባው እንግዳ ድምፁ ጆሯችሁ ስር ነው። ሊፍት ግን የለም፤ ደረጃውም ጠባብና ከፍ ከፍ ያለ ነው። ጉልበት የሚያመው ካለ ይታሰብበት።

ወቅቱን ልብ በሉ። በዚያ ሰሞን ማራካሽ ቀን ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ብርዱ ከአትላስ ተራራ ይወርዳል፤ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ፀሐይ የምትወጣው 8:00 ገደማ፣ የምትጠልቀው 18:30 ሳይሞላ ነው። ሰዓታችሁን ማስተካከል አያስፈልግም፤ ሞሮኮና ጀርመን በክረምት አንድ ሰዓት ላይ ናቸው። እንግዲህ የትልቁ ሆቴል አትክልትና ገንዳ የሚያገለግላችሁ ከረፋድ እስከ አመሻሹ ብቻ ከሆነ፣ ለሙሉ ቀን ጸጥታ የተተመነውን ዋጋ የምትከፍሉት ለግማሽ ቀን ነው። በክረምት ቅንጦት ማለት የሚነድ ምድጃና የሞቀ ሐማም ነው፣ ሁለቱንም ደህና ሪያድ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ። የሪያዱን የግቢ ገንዳ ተስፋ አታድርጉበት። ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አይሞቅም፤ ለፎቶ ነው የተሠራው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሪያዱን ያስመረጠኝ ዋናው ነገር እሱ ነው። በትልቅ ሆቴል ሼፉ የራሱ ሜኑ አለው፤ “ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት” ስትሉት የተጠበሰ አትክልት በትልቅ ሳህን አቅርቦ በትልቅ ዋጋ ያስከፍላችኋል። ሪያድ ውስጥ ግን ዳዳ የሚሏት ምግብ ሠሪ ጠዋት ገበያ ወጥታ ለዚያ ቀን የሚሆነውን ብቻ ገዝታ ትመለሳለች። ከቀናት በፊት ጽፋችሁ ከነገራችኋት ምሳና እራቱ በሙሉ ለባለቤትዎ ይሠራል። የሞሮኮ ማዕድ ደግሞ ለጾመኛ ደግ ነው፤ ከቲማቲምና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተፈጨ ደበርጃን ዛሉክ፣ የተጠበሰ ቃሪያና ቲማቲም ታክቱካ፣ በወይራ ዘይትና በከሙን የሚበላ የባቄላ ሾርባ ቢሳራ፣ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ ምስር፣ ወይራ፣ ትኩስ ዳቦ። ቁርስ ላይ ባግሪር ስታዩ መደነቃችሁ አይቀርም። በአንድ ወገን ብቻ የሚጋገር፣ ላዩ በሙሉ ዓይን በዓይን የሆነ ትንሽ እንጀራ በሉት። ቅቤና ማር ነው የሚያፈሱበት፤ እሷ በአልሞንድና በአርጋን ዘይት በተሠራው አምሉ ትብላው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሰባት አትክልት የሚሉት ኩስኩስ አትክልቱ ብቻ ይታያል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚበስለው በስጋ መረቅ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስመን የሚባል የቆየ ቅቤ ይጨመርበታል። “አትክልት ብቻ” ማለት ስለዚህ አይበቃም። “ብላ ልሐም፣ ብላ ደጃጅ፣ ብላ ስመን” በሉ፤ ያለ ስጋ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ዶሮዋን ለይታችሁ ካልጠራችሁ ከስጋ የማይቆጥራት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ዓርብ በእናንተ መድረሻ ሰዓት እሷ ጾም የዋለ ሆድ ይዛ ነው የምትገባው፤ እራቱ እንዲቆያችሁ ሰዓቱን ንገሯቸው። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት ብቻ ስለሚጾም ቁርሱ አያሳስብም። እርስዎ የማይጾሙ ከሆነ ደግሞ ታንጂያን ሳይቀምሱ አይመለሱ። በሸክላ እንስራ ታሽጎ ሌሊቱን በሐማም እቶን አመድ ውስጥ የሚበስል ስጋ ነው፤ ያደገው እዚያው ማራካሽ ነው።

ቪዛ። እርስዎ በጀርመን ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ። ባለቤትዎ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን ኤምባሲ መመላለስ የለባትም። ሞሮኮ ከ2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች፤ የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፣ ፈቃዱ ግን ቢያንስ 180 ቀን የቀረው መሆን አለበት። ካርዷ ሊያልቅ ከተቃረበ መጀመሪያ እሱን አሳድሱ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ፤ ርካሽ የሚመስለው የሆቴል ዋጋ ብዙ ጊዜ የማይመለሰው ነው።

ሐበሻ ባልና ሚስት የአባት ስማችን ስለማይገጥም እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ሞሮኮ ውስጥ ማንኛውም እንግዳ ሲገባ የፖሊስ ቅጽ ይሞላል፤ የእናንተ ሁለት የተለያየ ስምና ሁለት የተለያየ ፓስፖርት ይሆናል። የውጭ አገር ሰው የጋብቻ ወረቀት ሲጠየቅ እምብዛም አይታይም። ቢሆንም የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። በዓል የምታከብሩበት ማታ ደጅ ላይ ቆሞ ማስረዳት አያምርም።

ገንዘቡን በግምት እንዲህ እደለድለዋለሁ። የሪያዱ ምርጥ ክፍል ለሁለት ሌሊት 600 ዩሮ፣ ከአየር ማረፊያ የሚያመላልስ መኪና 40፣ ለሁለት የሚሆን ሐማምና ማሳጅ 150፣ የቅዳሜ ምሳ በላ ማሙኒያ 150፣ ሁለት እራት በሪያዱ 160፣ መግቢያ ትኬትና ጉርሻ 100። 1,200 ሆነ። የተረፈው 300 ለገበያው ነው፤ በገበያው መሃል አልፋችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ ብዬ አልገምትም። በአዳር የሚታሰብ የቱሪስት ግብር አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ቦታ ስታስይዙ ባያችሁት ዋጋ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ስትወጡ ነው የሚጠየቀው። የጀርመኑ የባንክ ካርድ፣ ጂሮ ካርድ፣ ብቻውን አያስኬድም፤ ክሬዲት ካርድ ያዙ። ትልልቅ ሆቴሎች ስትገቡ ለዲፖዚት ብለው ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ያግዳሉ። በዴቢት ካርድ ከሆነ ያ ገንዘብ እስኪለቀቅ ቀናት ይወስዳል፣ እስከዚያ ሒሳባችሁ ላይ ያለ ቢመስልም አትነኩትም። ድርሃም እዚያው ስትደርሱ ቀይሩ፤ አንድ ዩሮ ከ10 ድርሃም ትንሽ ይበልጣል። ትንንሽ ኖቶች ለምኑ፣ ሻንጣ ለሚሸከመው 20 ድርሃም ደህና ነው።

ዓርብ ማታ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመጨረሻው ሦስት መቶ ሜትር ነው። መኪና እስከ ሪያዱ በር አይደርስም፤ አደባባይ ወይም የቅጥሩ በር ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በጨለማ ጠባብ መንገድ በእግር ነው። “መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ኑ” የሚል ወጣት ይመጣል። መንገዱ አልተዘጋም፤ ዞሮ ዞሮ አድርሷችሁ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው። ሪያዱ ጋሪ ያለው ሰው መኪናው ከሚቆምበት ድረስ እንዲልክላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህን ለማድረግ የሚያመነታ ሪያድ ከሆነ ተዉት።

የመሬት መንቀጥቀጡን ያነሳ ዘመድ ካለ፣ በሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 የደረሰውና መጠኑ 6.8 የተለካው አደጋ ከሁሉም በላይ የጎዳው የአትላስ መንደሮችን ነው። በአሮጌው ከተማም ግድግዳዎች ተሰንጥቀዋል፣ በዋናው አደባባይ በጃማ አልፍና ያለው የኸርቡሽ መስጊድ ሚናራ ወድቋል። ከተማዋ ግን ብዙም ሳትቆይ ለእንግዳ ተከፍታለች። ከድሮ ሪያድ ባለቤት ጋር ስትጻጻፉ ቤቱ ከዚያ በኋላ በመሐንዲስ ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቅዳሜን እንግዲህ አትሸራርፏት። ሻጮቹ አጋፋይ ላይ ግመል፣ ኡሪካ ላይ ፏፏቴ፣ “ሰሃራን በአንድ ቀን” ይሏችኋል። አጋፋይ ከከተማው ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ድንጋያማ በረሃ ነው፣ አሸዋ የለውም፤ እውነተኛው የመርዙጋ አሸዋ በመኪና 9 ሰዓት ይርቃል። እናንተ ጠዋት ቁርሳችሁን በሉና በሩ እንደተከፈተ ቢን ዩሱፍ መድረሳ ግቡ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሰዓዲያን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ያነጹት ትምህርት ቤት ነው፤ ረጅም እድሳት አልፎ በ2022 እንደገና ተከፍቷል። የዝግባ እንጨቱን ቅርጽና የግቢውን ዘሊጅ ቱሪስቱ ሳይጎርፍ ማየት የምትችሉት በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። መስጊዶቹን ግን ከውጭ ነው የምታዩት፣ ሙስሊም ያልሆነ አይገባም። ከዚያ በገበያው መሃል ቀስ እያላችሁ ወደ ላ ማሙኒያ። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ አለባበሳችሁንም አሳምሩ፤ ቁምጣና ነጠላ ጫማ በር ላይ ያስመልሳል። ምሳው ላይ ቸኩላችሁ አትነሱ፤ ከምሳ በኋላ ወይራዎቹ መሃል መዞር እንደምትችሉ ቦታ ስትይዙ ጠይቁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ሪያዱ ተመለሱና ሐማም፤ እንፋሎቱ፣ ጥቁሩ ሳሙና፣ ከሳ በሚሉት ሻካራ ጓንት መታሸቱ። ከሱ በኋላ የትም መሄድ አትፈልጉም፤ ለዚህ ነው እራቱን እዚያው ያልኳችሁ።

ጃማ አልፍናን እሁድ በረራችሁ ሳይደርስ ለግማሽ ሰዓት እዩት፤ ዩኔስኮ በ2001 የዓለም የቃል ቅርስ ብሎ ያወጀው በተረት ነጋሪዎቹና በዘፋኞቹ ነው። እባብና ጦጣ የያዙት ፎቶ ከተነሳችሁ በኋላ ነው ዋጋ የሚነግሯችሁ። ባለቤትዎ ሂና ካማራት እዚያ አደባባይ ላይ አታስደርግ። ቶሎ እንዲጠቁር ኬሚካል የሚቀላቅሉ አሉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ሪያዱ ንጹሕ ሂና የምትሠራ ሴት ያስመጣላችኋል።

እሁድ ጠዋት የማጆሬል አትክልትን ከፈለጋችሁ ትኬቱ በኢንተርኔት ሰዓት ተመርጦ ስለሚሸጥ ከጀርመን ሳትነሱ ግዙ፤ ከጠዋቱ የመጀመሪያው ሰዓት ይሻላል። ሠዓሊው ዣክ ማጆሬል የተከለው፣ በ1980 ኢቭ ሳን ሎራንና ፒየር በርዤ ገዝተው ከመፍረስ ያዳኑት ቦታ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለፎቶ የሚጋፋው ሰው ስለበዛ ብትተዉትም አይቆጨኝም፤ ሰገነት ላይ ቁጭ ብላችሁ ሻይ መጠጣት ይበልጣል። ክፍሉን 12:00 ላይ ብትለቁም ሻንጣችሁን አስቀምጠው በረራችሁ እስኪደርስ ሰገነቱ ላይ እንድትቆዩ ሪያዶች አይከለክሉም።

ዛሬውኑ ሁለት ሦስት ሪያዶች መርጣችሁ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉላቸው። ላይኛው ፎቅ ያለው፣ ምድጃ ወይም በእርግጥ የሚሠራ ማሞቂያ ያለው ክፍል ስንት እንደሆነ፣ ቁርስና ግብር ዋጋው ውስጥ መግባቱን፣ ቪዛ ቢዘገይ እስከ መቼ በነጻ መሰረዝ እንደሚቻል፣ ዳዳዋ ለአንድ ሰው ያለ ስጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ሁለት እራት ትሠራ እንደሆነ ጠይቁ። የጋብቻ በዓላችሁ መሆኑን የምትናገሩት ዋጋው በጽሑፍ ከመጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አበባው በነጻ ይመጣል፤ ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ግን “የፍቅር ፓኬጅ” ብለው ይሸጡላችኋል። ለጥያቄዎቹ አንድ በአንድ የመለሰላችሁን ያዙ፤ የዋጋ ዝርዝር ብቻ የላከላችሁን እለፉት።